የጥንቸል ሥጋ እውነት ከበግ ይበልጣል?

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ባለቤቴ የዛሬ ስምንት ወር ከአዲስ አበባ አራት ጥንቸል ይዞ መጣ። አሁን ሃያ ሁለት ደርሰዋል። ሥጋው ከበግ ይበልጣል፣ ኮሌስትሮል የሚባል ነገር የለውም፣ ደም ይሞላል ይላል። እኔ ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ ሄጄ ደምሽ አንሷል ተብያለሁ። ልጃችን አራት ዓመት ሞልቶታል፤ 13 ኪሎ ነው፣ ከሲታ ነው። አማቴ ደግሞ ግፊት አለባቸው። ባለቤቴ የሦስታችሁም መድኃኒት ግቢ ውስጥ እየዘለለ ነው ይላል። አማቴ ግን ‹ያ ነገር ድስቴ ውስጥ የገባ ቀን እዚህ ቤት አታገኙኝም› ብለዋል። አሁን ባለቤቴ ዶሮ ነው ብለን እንስጣቸው እያለ ነው። እውነቱን ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ይመስላል እንጂ የጠየቅሽኝ አራት ነው። ከመጨረሻው ልጀምርና ቶሎ ልገላገለው። ዶሮ ነው ብላችሁ እንዳትሰጧቸው። በጭራሽ! አንደኛ ነገር ይነቁባችኋል። አሥራ ሁለት ብልት ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያወጡ ሴት የጥንቸል ታፋ ቀርቦላቸው አይሸወዱም። ሁለተኛ፣ ባይነቁስ? ሰው አልበላም ያለውን አታሎ ማብላት ነውር ነው። ለዚህ ደግሞ የሥነ ምግብ ባለሙያ ምክር አያስፈልግም።

አማትሽ ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚናገሩት። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸልን ከሽኮኮ ቀጥሎ ይጠራትና ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም ብሎ ከማይበሉት ይመድባታል። በእስልምና በኩል አብዛኞቹ ሊቃውንት ሐላል ነው ይላሉ። እኔ ቄስም ሼህም ስላልሆንኩ እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ቀሪውን ለነፍስ አባታችሁ አቅርቡት። ራሴን ከጠየቅሽኝ አልበላም። ያደግኩበት ቤት አይገባም ነበር፣ ዛሬም ቤቴ አይገባም። ይህን የምነግርሽ ከታች ያሉትን ቁጥሮች ስታነቢ ምን ዓይነት ሰው እንደጻፋቸው እንድታውቂ ብዬ ነው። ቁጥር ግን ጾመኛም ፈሰኪም አያውቅም። እንዳለ ነው የማስቀምጥልሽ።

ባለፈው ዓመት እዚያው ደብረ ብርሃን ጥንቸል የሚያረባ አንድ ወዳጄ ዘንድ ሲታረድ ቆሜ አይቻለሁ። ሚዛኔን ይዤ ነበር የሄድኩት። በሕይወቷ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ መዘነች። ቆዳዋ እንደ ሹራብ ተገልብጦ ነው የሚወጣው፤ ቢላዋ ብዙም አይፈልግም። ጭንቅላትና ሆድቃ ወጥቶ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ቀረ። አጥንቱን ለይተን ሥጋውን ብቻ ስንመዝን ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ግራም ገደማ ሆነ። መልኩ ቀላ ያለ አይደለም፣ የዶሮ ደረት የመሰለ ፈዛዛ ሮዝ ነው። ስቡን ፈለግኩት። ኩላሊቷ ዙሪያ ትንሽ፣ ትከሻዋ መሀል ትንሽ፤ ሁሉም ተሰብስቦ መዳፌን አልሞላም። አጥር ላይ ተደግፈው ያዩን የነበሩ አንድ አዛውንት «እና ላቷ የታለ?» አሉን። ቀልደው ነው። ግን ከዚያ የተሻለ ጥያቄ ያን ቀን አልተጠየቀም። እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ። «ከበግ ይበልጣል» ያለው በምን? በፕሮቲን ማለቱ ይመስለኛል። ጥሬ የእርባታ ጥንቸል ሥጋ በ100 ግራሙ 20 ግራም ፕሮቲን፣ ከ5 እስከ 6 ግራም ስብ አለው። ኃይሉ ወደ 136 ካሎሪ ነው። በጣም ጥሩ ሥጋ ነው፣ ይህን ማንም አይክድም። በግን ከነስቡ ከመዘንሽው ጨዋታው ይለወጣል፤ ፕሮቲኑ ወደ 17 ይወርዳል፣ ስቡ ከ20 ግራም ያልፋል፣ ካሎሪው 267 ገደማ ይደርሳል። ባለቤትሽ ያየው ይህን ማወዳደሪያ ይሆናል። ነገር ግን የበጉን ስብ በቢላዋ አንስተሽ ቀዩን ብቻ መዝኚው። 20 ግራም ፕሮቲን፣ 5 ግራም ስብ፣ 134 ካሎሪ። ከጥንቸሉ ጋር አንገት ለአንገት ነው። ቆዳ የሌለው የዶሮ ደረት ደግሞ ሁለቱንም በትንሹ ይበልጣቸዋል፤ ከ22 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። እነዚህ ቁጥሮች ውጭ አገር በረባ ከብት ላይ የተለኩ ናቸው። ሜዳ ለሜዳ ሲግጥ የዋለ የመንዝ በግ ትንሽ ሊለይ ይችላል። ቢለይም የጥንቸልን ሥጋ ተአምር፣ የበግን ሥጋ ተራ አያደርገውም።

ኮሌስትሮል የለውም የሚለው ግን ፈጽሞ ስህተት ነው። ኮሌስትሮል የሌለው ሥጋ የለም። የጥንቸል ሥጋ በ100 ግራሙ ወደ 57 ሚሊ ግራም አለው፤ ቀዩ የበግ ሥጋ 65 ገደማ። ልዩነቱ ለወሬ አይበቃም። ኮሌስትሮል የሌለው ምን እንደሆነ ላሳይሽ? ሽሮ። ምስር። ባቄላ። እዚያው ማጀትሽ ውስጥ ያለው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥንቸል በደንብ ትበልጣለች፤ ባለቤትሽ ይህን አለማንሳቱ ገርሞኛል። ቫይታሚን ቢ 12። በ100 ግራም ውስጥ ወደ 7 ማይክሮ ግራም አለ። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ብቻ ነው፤ ያንቺ ልጅ ደግሞ 1.2። ቀዩ የበግ ሥጋ 2.6 አካባቢ ነው። ከየት አመጣችው? ጥንቸል እንደ በግ አራት ክፍል ያለው ጨጓራ የላትም። ሣሩ የሚብላላው ከትንሹ አንጀት በኋላ ባለ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ነው። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች የቢ ቫይታሚኖችን ይሠራሉ፣ ግን ቦታው ወደ መጨረሻው ስለሆነ አብዛኛው ሳይመጠጥ ሊያልፍ ነው። ስለዚህ ጥንቸሏ ለስለስ ያለውን ኩስ፣ ሌሊት ወይም ሲነጋጋ፣ ሲወጣ እዚያው በአፏ ተቀብላ መልሳ ትውጠዋለች። ጠንካራውን፣ ግቢ ውስጥ እንደ ሽምብራ ተበትኖ የምታዪውን፣ አትነካውም። ይህን ለአማትሽ እንዳትነግሪያቸው፤ ለተቃውሟቸው ሌላ ምዕራፍ ይጨምሩበታል። ሥጋዋ በቢ 12 የጠገበው ግን በዚሁ ልማዷ ነው።

እሺ፣ ደምሽስ? እዚህ ላይ አዝናለሁ፣ ባለቤትሽ ተሳስቷል። «ደም ይሞላል» የሚባል ሥጋ ብረቱ ብዙ መሆን አለበት። ጥንቸል በ100 ግራሙ ወደ 1.6 ሚሊ ግራም ብረት አላት። ቀዩ በግ 1.8 ገደማ ነው። የበግ ጉበት ደግሞ 7 ሚሊ ግራም ይጠጋል። መልኩ ራሱ ይነግርሻል፤ ሥጋ የሚቀላው ብረት ባዘለ ፕሮቲን ነውና ፈዛዛ ሥጋ በዚያ በኩል ድሃ ነው። ከሥጋ የሚገኘው ብረት ከእህሉ በተሻለ አንጀት ውስጥ መመጠጡ እውነት ነው። አብሮት የተበላውን የጤፍና የምስር ብረትም ያግዘዋል። ይህን ግን ማንኛውም ሥጋ ያደርገዋል፤ ጥንቸል መሆን አያስፈልገውም።

የደም ማነስ ከተነገረሽ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምን እንበላ አይደለም። ደሙ የት ሄደ ነው። የወር አበባሽ ይበዛል? ቅርብ ጊዜ ወልደሻል? እርጉዝ ነሽ? የመንጠቆ ትል ታይቶልሻል? ከሸዋ ሮቢት ወይም ከሌላ ቆላ አገር በቅርብ ተመልሰሽ ከሆነ ወባ ተመርምሯል? ይህ ሳይጣራ ድስት መቀየር ቀዳዳ እንስራ መሙላት ነው። የብረት እንክብል ተሰጥቶሽ ከሆነ ዋጪው። ስንቶች ሆዴን አደረቀኝ ብለው መሳቢያ ውስጥ እንደሚያስቀምጡት አውቃለሁ። ሆድ ማድረቁ እውነት ነው፤ ሰገራም ያጠቁራል። ካስቸገረሽ አታቋርጪ፣ ተመለሺና ንገሪያቸው፤ አወሳሰዱን ያስተካክሉልሻል።

ከዚህ ጋር ቡናሽን አነሳለሁ፤ አትቆጪኝ። እኛ አገር ከምግብ በኋላ ወዲያው ነው ቡና የሚቀርበው። ሻይም እንዲሁ። ሁለቱም ውስጥ ያለው አፍ የሚያደርቀው ንጥረ ነገር የእህሉን ብረት አስሮ ይዞት ይወጣል። ቡና ተዪ አልልሽም፣ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ተቀምጦ እንዲህ ብሎ መምከርም ድፍረት ነው። አንድ ሰዓት አቆይው ብቻ። ከምሳው ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ጨምሪ፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱን ያስመጥጠዋል። እንጀራው በደንብ የቦካ ይሁን፣ መቦካቱ ብረቱን ይዞ የሚያስቀረውን ነገር ይቀንሰዋል። በቆልትም እንዲሁ ነው። እናቶቻችን ባቄላውን ዘፍዝፈው ሲያበቅሉት ስሙን አያውቁትም እንጂ ሥራውን ሠርተውታል።

አሁን ልጁ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ከአራቱ ጥያቄ እኔን ያሳሰበኝ ይኼ ነው።

አራት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደቱ 16 ኪሎ ገደማ ነው። ዝቅተኛው መስመር፣ ከዚያ በታች ክብደቱ አንሷል የሚባልበት፣ ወደ 12.7 ኪሎ ነው። ያንቺ ልጅ 13 ነው ብለሻል። ከመስመሩ በላይ ነው፣ ግን መስመሩን እየረገጠ ነው። ቁመቱን አልጻፍሽልኝም። በዚህ ዕድሜ መካከለኛው 103 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከ95 በታች ከሆነ ነገሩ የአሁን ክሳት ብቻ አይደለም፣ የቆየ መቀንጨር ነው። የኛ ክልል ለዚህ እንግዳ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት አማራ ክልል ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 ከመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። እህል አምራች፣ በግ አርቢ አገር ሆነን።

ይህ ልጅ ምን ጎደለው? ባለቤትሽ ፕሮቲን ይላል። ቁጥሩን አብረን እንየው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን 19 ግራም ፕሮቲን ይበቃዋል። እንጀራ በሽሮ፣ አንድ እንቁላል፣ ትንሽ ወተት ከቀመሰ እዚያ ይደርሳል። የጎደለው በአብዛኛው ሌላ ነው። አንደኛው ኃይል ነው። ሆዱ ትንሽ ነው፤ ቀጭን ሽሮ በእንጀራ ቶሎ ይሞላዋል፣ ካሎሪው ግን አልገባም። ሁለተኛው ዚንክ፣ ቢ 12 እና በደንብ የሚመጠጥ ብረት ነው። ዚንክ ሲያንስ የምግብ ፍላጎትም ይጠፋል፣ ዕድገትም ይዘገያል።

አሁን ወደ እኚያ አዛውንት ጥያቄ ልመለስ። ላቷ የታለ? የጥንቸል ሥጋ ስቡ ትንሽ መሆኑ ለዚህ ልጅ ጉድለት ነው። ከሲታ ልጅ ስብ ያስፈልገዋል። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ነው፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ግን 4። ሃምሳ ግራም የጥንቸል ሥጋ ብታበይው 10 ግራም ፕሮቲን ያገኛል፣ ጥሩ ነው። ኃይሉ ግን ከ70 ካሎሪ አያልፍም። ገንፎው ላይ ጠብ የምታደርጊው አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን ከመቶ ያልፋል። ዚንኩም ቢሆን በጥንቸሉ ወደ 1.6 ሚሊ ግራም ሲሆን በቀዩ በግ 4 ነው። እዚህ ላይ በጉ ያለ ክርክር ያሸንፋል።

በሰሜን ዋልታ አካባቢ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ይዞር የነበረ ቪልያልሙር ስቴፋንሶን የሚባል አሳሽ ስለ አንድ ዓይነት ረሃብ ጽፏል። ጥንቸል ብቻ ሲበሉ የሰነበቱ ሰዎች ሆዳቸው እስኪነፋ በልተው አሁንም ይርባቸዋል። ተቅማጥ ይይዛቸዋል፣ ይዝላሉ። ምክንያቱ ሥጋው መርዝ ስለሆነ አይደለም። ጉበት ፕሮቲንን የሚያስተናግደው በልክ ነው፤ ስብም እህልም ሳይኖር ፕሮቲን ብቻ ሲጎርፍበት ይሸነፋል። ስሙንም «የጥንቸል ረሃብ» ብለውታል። ይህ እናንተን አያሰጋችሁም፣ እንጀራ ባለበት ቤት አይደርስም። የጠቀስኩት ስብ አልባ መሆን ሁልጊዜ ምርቃት እንዳልሆነ ለባለቤትሽ ይነበብለት ብዬ ነው።

ለልጁ የምመክርሽ ይኸውልሽ። በቀን አንድ እንቁላል። የላም ወተት ወይም እርጎ ካገኘሽ አንድ ኩባያ። ገንፎው የገብስ ይሁን፣ ቅቤ ይግባበት። በሳምንት አንድ ሁለቴ ከበጉ ቀዩን ጥቂት፣ በደቃቁ ተከትፎ ወይም ተፈጭቶ። ጉበት ከተገኘ በሁለት ሳምንት አንዴ ሁለት ጉርሻ ያህል፤ ከዚያ አታሳልፊ፣ ጉበት ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ ለትንሽ ልጅ ይበዛበታል። አንቺም እርጉዝ ከሆንሽ ጉበት አታዘውትሪ። በቀን ሦስቴ ሳይሆን አምስቴ፣ በትንሽ በትንሹ ይብላ።

አሁን ደግሞ ጾም። ሳትጽፊው ያሰብኩት ነገር አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ የዓቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15፣ ሌሎቹም ሲደመሩ ልጁ ምን ይበላል? ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም፣ አማትሽም ይህን ያውቃሉ። ስንት ቤት ገብቼ ያየሁት ግን ሌላ ነው። እናትየው ለልጁ እንቁላል መጥበስ ትፈልጋለች፣ ድስቱ ይፈሰካል ብላ ትፈራለች። ማንም ጹም ሳይለው ልጁ አብሮ ጾመ ማለት ነው። መፍትሔው የአንዲት ትንሽ ድስት ዋጋ ነው። የልጁ ድስት፣ የልጁ ማንኪያ፣ ለብቻ መደርደሪያ ላይ። እንዲያውም አማትሽ ራሳቸው ይምረጡለት፤ ጠባቂዋም እርሳቸው ይሁኑ። ድስት ላይ ጠንካራ መሆናቸውን አይተናል።

ስለ አማትሽ ግፊት ደግሞ የሚያስቀው ነገር ይኸውና። ከሦስታችሁ የጥንቸል ሥጋ በእርግጥ የሚስማማው ለእርሳቸው ነበር። ስቡ ትንሽ ነው፤ ሶዲየሙም በ100 ግራም 41 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። የማይበሉት ደግሞ እርሳቸው ናቸው! ይሁንና ምንም አያጡም። ግፊት የሚያባብሰው ከሥጋው ይልቅ ጨው ነው። በቀን አምስት ግራም፣ ማለትም ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ጣሪያው ነው። እኛ ወጡ ላይ የምንጨምረውን ብቻ እንቆጥራለን። በርበሬው ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም ገብቶበታል። ከዚያ ወጡ ላይ እንደገና። ዘንድሮ በርበሬና ሽሮ ስታስፈጪ ጨው ሳይገባ አስፈጪ፤ ከአንድ ሥጋ ወደ ሌላው ከመዞር ይህ ይሻላል። የበጉን ስብም ከእርሳቸው ድርሻ ላይ አንሺ። የግፊት ኪኒናቸውን ግን በምግብ ሰበብ እንዳያቆሙ።

ባለቤትሽ ራሱ ልብላ ካለ? ይብላ፣ ሆድ የራሱ ነው። የራሱን ድስትና ቢላዋ ይያዝ፣ ከተቻለ ውጭ ያብስል። ሪህ ካለበት እንደማንኛውም ሥጋ ይመጥነው። ያቺ የታመመች፣ ያስነጠሳት፣ ያስቀመጣት ጥንቸል አትታረድም። ስቡ ስለሌለ ሥጋው ቶሎ ይደርቃል፤ እንደ ጥብስ እሳት ላይ ከለቀቀው ገመድ ይሆንበታል። ቁሌት ሠርቶ፣ ቅቤ ጨምሮ፣ ከድኖ በቀስታ ያብስለው። ጊዜም ይስጠው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፣ እዚያ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጀርም ለመግደል ይበቃል፣ ግን አዲስ አበባ ያለ ጓደኛው የነገረው ሰዓት እዚያ አይሠራለትም። አጥንቷ ደግሞ ቀጭን ነው፣ እንደ ስንጥር ይሰበራል። ልጁ አባቱ ሳህን ላይ እጁን ቢሰድ አጥንት ያለበትን እንዳይሰጠው።

አንድ ነገር ይታከልልኝ። እዚያ ሜዳ ላይ የምትሮጠው የዱር ጥንቸልና ግቢያችሁ ያለችው በአማርኛ ስማቸው አንድ ቢሆንም ዝርያቸው ሌላ ነው። የእርባታዋ ከአውሮፓ የመጣች ናት። የኛ የደጋ ጥንቸል ከኢትዮጵያ ውጭ የለችም፣ ያለ ፈቃድ ማደንም ሕገ ወጥ ነው። ባለቤትሽ ውሻ ይዞ እንዳይወጣ።

ሃያ ሁለቱን ምን እናድርጋቸው ትዪ ይሆናል። አንዲት እናት ጥንቸል በወሯ ትወልዳለች፣ በ31 ቀን ገደማ። በአንዴ ከአራት በታች እምብዛም አትወልድም፣ እስከ አሥራ ሁለትም ይደርሳል። ወንድና ሴቱን ዛሬውኑ ካልለያችሁ ለገና መቁጠር ያቅታችኋል። ገዢ ካለ ይሽጥ፤ ገዢ ሳይኖር ማብዛት ግን ቀለብ መጨመር ነው። በሽያጩ አምስት ስድስት እንቁላል ጣይ ዶሮ ይግዛ። የማንም እምነት አይነካም፣ ልጁም በየቀኑ እንቁላሉን ያገኛል። የቀሩትን ጥንቸሎች ደግሞ ለኩሳቸው ያቆያቸው። ያ እንደ ሽምብራ የተበተነው ነገር ምርጥ ማዳበሪያ ነው። ከሣርና ከቅጠል ጋር ከምሮ ትንሽ ወራት ካቆየው በኋላ ጎመንና ካሮት መደቡ ላይ ይጨምረው። አማትሽም ከዚያ ጎመን ይበላሉ ብዬ እገምታለሁ፣ ካልነገርሻቸው… ኧረ ተዪው፣ ንገሪያቸው። ከላይ ምን ብዬ ነበር?

በዚህ ሳምንት ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰጂውና ቁመቱን ያስለኩልሽ፤ የክንዱን ዙሪያም በዚያች ባለ ቀለም ጥብጣብ ይለኩት። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እኔን አትጠብቂ፣ እዚያው ክትትል ይጀመርለት። የጥገኛ ትል መድኃኒት መቼ እንደወሰደም ጠይቂ። ከዚያ ቁመቱን፣ የክንዱን ልክና ያንቺን የሄሞግሎቢን ቁጥር ጻፊልኝ። «አንሷል» ብቻ አይበቃኝም፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ነው የምፈልገው።